የአልጋ ብረት

ሴት ባሏ ሲሞት እውቀቷም አብሮ የሚቀበር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ሃያ አንድ ዓመት ብረትና ኮንክሪት ስፈትን ኖሬያለሁ። ሕንፃ ከመቆሙ በፊት ብረቱ ወደ እኛ ላቦራቶሪ ይመጣል፤ በማሽን ጎትተን እንበጥሰዋለን፤ በስንት እንደ ተበጠሰ ጽፈን እንፈርማለን። የእኔን ፊርማ አይተው ፎቅ ያቆሙ ሰዎች፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ነገር ስናገር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው «አይዞሽ» ይሉኝ ጀመር። «ይሄ ብረት አይሆንም» እላለሁ። «አይዞሽ» ይሉኛል። ይህ መልስ አይደለም። «ለምን አይሆንም?» ማለት ነበረባቸው።

ትዕግሥቴ ያለቀው ግን በሥራ ቦታ ሳይሆን በልጄ መኪና ነው።

ልጄ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የማተሚያ ቤት መኪና ትነዳለች፤ ወረቀት ከመጋዘን ታመጣለች፣ መጻሕፍት ለመደብሮች ታደርሳለች። ያንን ግንድ የሚያክል መኪና በጠባብ ቅያስ ውስጥ በኋላ ማርሽ ስታስገባው ያዩ ሹፌሮች ሥራቸውን አቁመው ይመለከቷታል። ባለፈው ዓመት እሑድ እሑድ ወደ አማተር የመኪና ውድድር ማኅበር እየሄደች ባንዲራ ስታውለበልብ ከረመች። ዘንድሮ ግን ባንዲራ መያዝ በቃኝ፣ በጀማሪዎች ምድብ ልወዳደር አለች። ምዝገባው የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው። ለመመዝገብ ደግሞ መኪና ማቅረብ ያስፈልጋል።

እኔ አልተቃወምኩም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም በኋላ ሁሉም ሰው እንደ ተቃወምኩ አድርጎ አውርቶታል። እንዲያውም መኪና ፍለጋውን አብሬያት የዞርኩት እኔ ነኝ። አቅማችን የሚፈቅደው አሮጌና ትንሽ መኪና እንደ ሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የመጀመሪያ የውድድር መኪና ርካሽ የሚባለው ሲገዛ ሳይሆን ሲነዳ እንደ ሆነም ነግሬያታለሁ፤ ጎማ የሚበላ፣ ፍሬን የሚበላ፣ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ከሆነ፣ በነፃ ቢሰጡሽም ውድ ነው።

መጀመሪያ ያየናት የአንድ ጥርስ ሐኪም መኪና ነበረች። ቀለሟ ያበራል። ምንጣፏን ብገልጠው የግቢውን ጠጠር አየሁ፤ ወለሉን ዝገት በልቶታል። ሐኪሙ «እርጥበት ነው» አለን። ስንወጣ ልጄ ጆሮዬ ሥር፣ «እማ፣ ሰውዬው የሰው ጥርስ ሲቦረቦር ያያል፣ የራሱ መኪና ሲቦረቦር አያይም» አለችኝና መንገድ ላይ ቆመን ሳቅን። እንደዚያ ከሳቅን ቆይተን ነበር።

ሁለተኛዋ ትልቅ ሞተር ያላት ነበረች። ሞተሩ ገና ሲነሳ የልጄ ዓይን በራ። ለሙከራ አንድ ዙር ነድታት ስትመለስ ግን ፊቷ ቀዝቅዟል። መነሻዋ የወንዝ ሙላት ነው፣ ፍሬኗ ግን የመንደር ብስክሌት ነው አለችኝ። እኔ ምንም ሳልናገር እሷው ትታት መጣች። ልጄ ሞኝ አይደለችም። ይህንንም በኋላ የረሱ ብዙ ናቸው።

ሦስተኛዋ የጋሼ ሰዓት ነጭ መኪና ናት።

ጋሼ ሰዓት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው። ሠላሳ ዓመት የውድድር ሰዓት የያዙ እሳቸው ስለሆኑ ይህ ስም ወጣላቸው፤ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ መኖሩን እንጃ። አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ የሰዓት መያዣ ገመድ አለ። ሰው ያከብራቸዋል፣ እኔም አከብራቸው ነበር። ወደ እሳቸው የወሰደን ዋርሳዬ ነው፤ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ መለዋወጫ ነጋዴ፣ የማኅበሩም አባል። «ተኳኩላ የቀረበች ሙሽራ ናት» አለን ገና ከሩቅ እያሳየን። መኪናዋ ትንሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ ሞተሯ ልከኛ ነው፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ ይገኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀፎ አላት። ቀፎ የሚሉት መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው የሹፌሩን ራስ እንዳይጨፈልቀው ከውስጥ የሚበየደውን የብረት ቱቦ አጥር ነው። የጀማሪዎች ምድብ ያለ ቀፎ አይፈቅድም፤ ቀፎ ማሠራት ደግሞ መኪናዋን ከመግዛት ይብሳል። እዚህች ላይ ግን ተሠርቶ፣ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ቆሟል። ጋሼ ሰዓት በየዓመቱ ለአንድ ጀማሪ እንዲህ ያለች መኪና አዘጋጅተው በቅናሽ ይሸጣሉ። ብዙ ሰው ያመሰግናቸዋል።

ልጄ ውስጥ ገብታ መሪውን ያዘች። እኔ በቤት ቁልፍ ቱቦውን አንኳኳሁት።

ሃያ አንድ ዓመት ብረት ያዳመጠ ጆሮ አይሳሳትም አልልም፤ ይሳሳታል። ለዚህ ነው የምንለካው። ድምፁ ግን ቀሎኝ ስለ ነበር የቱቦውን ግድግዳ ውፍረት ጠየቅኳቸው። ጋሼ ሰዓት ፈገግ ብለው ውፍረቱ ለጣት የሚመች ነው አሉ። በቱቦው ላይ ምስር የምታህል ቀዳዳ በስተን እንለካ፣ ቀዳዳውም ጉዳት የለውም አልኳቸው። «እህቴ» አሉኝ፣ «ሙሽራ ትበሳለች እንዴ?» የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ዋርሳዬ ክንዴን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደኝ።

«እትዬ፣ ሐዘንሽ ነው የሚያናግርሽ» አለኝ። «እኔም ወንድሜን ነው ያጣሁት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ልጅቷን በፍርሃትሽ አትሰሪያት።»

ክንዴን ከእጁ አስለቀቅሁ። የጠየቅሁት ስለ ሚሊሜትር ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለመውረድ አንድ ፌርማታ ሲቀረን ሳትዞር ተናገረች። «እማ፣ አባቴ እኮ የሞተው በመኪና አይደለም።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «አብሬው ነበርኩ።»

በዚያን ቀን የተቆጣሁት በእሷ አልነበረም። ሰዎቹ የሚሉትን ከገዛ ልጄ አፍ እንድሰማ ስላደረጉኝ ነው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቀፎውን የበየደውን ሰው ፈልጌ ሄድኩ። ማግኘቱ ከባድ አልነበረም፤ የማኅበሩን ቀፎ ሁሉ የሚሠራው አንድ በያጅ እንደ ሆነ ልጄ ነግራኝ ታውቃለች። ቤቱ በር ላይ የመስኮት ፍርግርጎች፣ የግቢ በሮችና ያልተቀቡ አልጋዎች ተደርድረዋል። በያጁ ትሑት ሰው ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ በርጩማ አቀረበልኝ። ብየዳው ያማረ ነው አልኩት፤ እውነቴን ነው፣ የጋሼ ሰዓት ቀፎ መጋጠሚያው እንደ ጥልፍ ነበር። ደስ አለው።

በምን ቱቦ እንደ ሠራው ስጠይቀው ምንም አልደበቀም። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙትን፣ አልጋ የሚሠራባቸውን ረጃጅም ቱቦዎች አሳየኝ። ልክ ወይም ዓይነት የሚል ወረቀት ሰጥተውት እንደ ነበር ጠየቅሁት። ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ፤ የሆነ አገር የውድድር መኪና፣ በሩ ተከፍቶ፣ ውስጡ ቀይ ቀፎ። ሌላ ነገር አልሰጡትም።

«ይህን አስመስለህ ሥራ አሉኝ፣ አስመስዬ ሠራሁ» አለኝ። «እኔ አልጋ ሠሪ ነኝ፣ እትዬ። መኪና ውስጥ ሰው ምን እንደሚሆን በምን አውቃለሁ? ያጠፋሁት አለ?»

አንተ አላጠፋህም አልኩት። በክንድ የሚለካ ቁራጭ ቱቦ ለመንኩት፤ ሰጠኝ፣ ዋጋም አልቀበል አለ።

ላቦራቶሪ ውስጥ ውፍረት የምንለካበትን ካሊፐር አስገባሁበት። አንድ ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር። ለእንዲህ ያለ ሥራ ቢያንስ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ያስፈልጋል፤ ይህም ከላሜራ ተጠቅልሎ የተገጠመ ሳይሆን ያለ ስፌት የወጣ ቱቦ ሲሆን ነው። ከዚያ ኮንክሪት የምንጨፈልቅበት ማሽን ሥር በጎኑ አስተኛሁት። መርፌው ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ቱቦው ተኛ፤ ስፌቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ባቄላ ቆዳ ተተረተረ። አብሮኝ ለሚሠራው ቴክኒሻን ምን እንደ ሆነ ነገርኩት። ቁራጩን አገላብጦ አየና «ይሄማ የመኪና ስፖርት አይደለም፣ የእንቅልፍ ስፖርት ነው» አለ። ሳቅን፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም። ቴክኒሻኑ ስንት መኪና እንደዚህ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። በያጁ አሥራ አንድ ብሎኛል።

ቁራጩን ለልጄ አሳየኋት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ካሊፐሩንም ራሷ አስገብታ አነበበች። ያም ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፤ ቅዳሜ የማኅበሩ ስብሰባ አለ፣ እዚያ ንገሪያቸው። አብሬሽ ነኝ አላለችም፤ ብቻሽን ነሽም አላለችም።

የማኅበሩ ቢሮ ከአንድ የጎማ ሱቅ በላይ ያለ ክፍል ነው። ደረጃውን ስትወጣ ጀምሮ የጎማ ሽታ ይከተልሃል። ሃያ አምስት ያህል ሰው በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል፤ ከፊት ለፊት ጋሼ ሰዓት፣ በቀኛቸው ዋርሳዬ። ቃል ሲሰጠኝ ተነስቼ በአጭሩ ተናገርኩ። ውፍረቱን ነገርኳቸው፤ መሆን የሚገባውን ነገርኳቸው፤ የማኅበሩ መመርመሪያ ቅጽ «ቀፎ፦ አለ / የለም» ብቻ እንደሚል፣ ይህም ምርመራ ሊባል እንደማይችል ነገርኳቸው። ደካማ ቀፎ ከባዶ ጣሪያ እንደሚብስ፣ ሲታጠፍ የሚታጠፈው ወደ ሹፌሩ ራስ እንደ ሆነ ነገርኳቸው። የተጨፈለቀውን ቁራጭም ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም እንዳይንቀጠቀጥ ሌሊቱን ተለማምጄ ነበር።

ጋሼ ሰዓት ተነሱ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር፣ ሐሰተኛ ነበሩ ማለት አልችልም። የወንድማችን ሚስት በመካከላችን ቆማ ሳለች፣ አሉ፣ እሱን ሳናስብ ወደ ክርክር መግባታችን ነውር ነው። ባሌ አንድ ቀን እንኳ የማኅበሩ አባል ሆኖ አያውቅም። «ሁላችንም እንነሳ» አሉ። «ለአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት።»

ወንበሮች ተንኳኩ። ሁሉም ተነሳ። ጋሼ ሰዓት አንገታቸው ላይ ያለውን ሰዓት አንስተው ተጫኑት።

እንዲህ ያለ ብልሃት አይቼ አላውቅም። ቢሰድቡኝ መልስ ነበረኝ። ቢያስወጡኝ አልወጣም እል ነበር። ባሌን አንስተው አፌ ውስጥ ከተቱት። ሃያ አምስት ሰው አንገቱን ደፍቶ በአክብሮት ዝም አሰኘኝ፤ እኔም የአልጋ ብረት በእጄ ይዤ ከእነሱ ጋር ቆምኩ። ዋርሳዬ ያለቅስ ነበር። በዚያች ደቂቃ ስለ ባሌ ያሰብኩትን እዚህ አልጽፍም፤ የእኔ ነው። ጋሼ ሰዓት ደቂቃው ሲሞላ ሰዓቱን አቆሙ፣ «ነፍስ ይማር» አሉ፣ ተቀመጡ፣ ሌሎቹም ተቀመጡ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው «ተራ ቁጥር ሦስት፣ የዘንድሮ ዋንጫ» ብለው አነበቡ።

ከኋላ አንድ ወንበር አልተንኳኳም። ልጄ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ» አለች። «አባቴን ስላሰባችሁት እግዜር ይስጥልኝ። አሁን እሱን ይተዉትና፣ ቱቦው ስንት ሚሊሜትር ነው?»

ጋሼ ሰዓት በትዕግሥት ፈገግ አሉ። እንዲህ ያለ ቀፎ ስድስት ዓመት እንደ ተወዳደረ፣ አንድም ሰው አፍንጫው እንዳልደማ ነገሯት።

«ተገልብጦ ያውቃል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያውቅም።»

«እንግዲያው አልተወዳደረም፣ ጋሼ። ስድስት ዓመት ተሳፍሮ ነው የኖረው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ጋሼ ሰዓት ቀና ሲሉ ሳቁ ቆመ። ዋርሳዬ «አንቺ ልጅ፣ ታላላቆችሽ ፊት ነሽ» አላት። እሷም አጎቴ፣ ለዚህ ነው ቆሜ የማወራው አለችው። መኪናዋን አልገዛም ብላ በሁሉም ፊት ተናገረች፤ ከዚያ መጥታ ከአጠገቤ ቆመች። በመጨረሻ ጉዳዩ ለቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ ተመራ። የንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ ሰዓት ናቸው።

ከንዑስ ኮሚቴው እስከ ዛሬ መልስ የለም። ምዝገባው ተዘጋ። ልጄ የጀማሪዎች ምድብ አመለጣት። አንድ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ለዚያ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ክፍሏን ዘግታ ተቀመጠች፣ እኔም አላንኳኳሁም። በሦስተኛው ቀን ወጥታ አንዲት ጡረታ የወጣች አዋላጅ መኪና እንደምትሸጥ ነገረችኝ። ሄድን። መኪናዋን የነዳቻት እሷ ብቻ ናት፤ ወለሏ ደረቅ፣ ፍሬኗ ደህና፣ ሞተሯ ግን ዳቦ ለማመላለስ ያህል ብቻ የሚበቃ ነው። ቀፎ የላትም። ያለ ቀፎ መወዳደር የሚቻለው በኮን ምድብ ብቻ ነው፤ በቀስታ፣ በየተራ፣ አንድ መኪና ብቻ፣ በፕላስቲክ ኮኖች መካከል። የማኅበሩ ሰዎች የአክስቶች ምድብ ይሉታል። ልጄ መሪውን እንደ ያዘች «አክስት ሆንኩልሽ» አለችኝ። ገዛናት።

የመጀመሪያው ውድድር እሑድ ጠዋት ነበር፤ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት በነበረ ሜዳ ላይ። ልጄ ከአሥራ አራት ተወዳዳሪዎች ዘጠነኛ ወጣች፣ ሁለት ኮን ጣለች፣ ሄልሜቷን ስታወልቅ ፊቷ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት የማውቀው ነገር ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ዞር እስክል ድረስ። ከሜዳው ማዶ ጀማሪዎቹ ለተራቸው ተሰልፈዋል። ከፊት ነጯ መኪና ቆማለች።

ሄድኩ። ውስጥ የተቀመጠው አርባ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ቤታችን አካባቢ ያለው ፀጉር አስተካካይ። ባሌንም ያስተካክል ነበር። ሲያየኝ ሄልሜቱን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ሞተሩ እየሠራ ጮክ ብሎ ሰላም አለኝ። ደስታው ልክ አልነበረውም። እርስዎ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ብለው ነበር መሰለኝ፣ አለኝ፣ ከዚያ በኋላ ጋሼ ሰዓት ዋጋውን ቀነሱልኝ፤ በእርስዎ ምክንያት ነው የገዛሁት፣ እድሜ ይስጥልኝ።

ስለካ ስናገር የከረምኩት ቅናሽ ሆኖ ነው የወጣው።

መስኮቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከጀርባዬ የጋሼ ሰዓት እርምጃ መጣ፤ ሰዓታቸውን እንደ ያዙ ናቸው፣ ሰልፉም ሊንቀሳቀስ ነው። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። «እህቴ፣ አሁንም አልተረጋጋሽም?»

«አልተረጋጋሁም» አልኳቸው። ፊቴን ግን ወደ ፀጉር አስተካካዩ መለስኩ። «የምነግርህ ስለ ሐዘኔ አይደለም። ራስህ ላይ ስላለው ብረት ነው። ስንት ደቂቃ አለህ?»

ጋሼ ሰዓትን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ቁልፉን ወደ ኋላ መልሶ ሞተሩን አጠፋው፤ የሜዳው ጫጫታ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ቅርብ ሆነ። ከኋላ የቆመው መኪና ጡሩንባ ነፋ።

«ይንፋ» አለ። «ይቀጥሉ፣ እየሰማሁ ነው።»

ከቱቦው ውፍረት ጀመርኩ።